ብጣሽ ወረቀት ከነገሌ

በእኛ አገር የሽንት ምርመራ ውጤትን ያህል የተናቀ ወረቀት ያለ አይመስለኝም። የራጅ ፊልም በትልቅ ፖስታ ተይዞ ለጎረቤት ሳይቀር ይታያል። የደም ምርመራ ውጤት «ስኳሬ ይህን ያህል ሆነ፣ ደሜ ይህን ያህል ወረደ» እየተባለ ቡና ላይ ይወራል። የሽንቱ ግን ጅማሬውም ፍጻሜውም ሐፍረት ነው። ዕቃዋን በሶፍት ጠቅልሎ፣ በመዳፍ ሸሽጎ፣ አንገትን ደፍቶ በመስኮት ማቀበል አለ። ውጤቱ ሲመጣም አራት ታጥፎ ኪስ ይገባል። ሐኪሙም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከመስመሮቹ አንዱን ብቻ ያይና «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ መድኃኒት ይጽፋል። ነገሩ በዚሁ ያበቃል።

እኔን ከዚህች ወረቀት ጋር ያዛመደኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ነገሌ ቦረና ተወልዶ ያደገ፣ እዚያው የመኪና መለዋወጫ መደብር ያለው፣ በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል የሚበልጠኝ ሰው ነው። «ጋሼ» እለዋለሁ። በ2011 ዓ.ም. ታናሽ እህቱ አንድ ኩላሊቷን ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የሚመረመረውን የሽንት ውጤት በስልኩ ፎቶ እያነሳ ይልክልኛል። «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህም እንዴ? ጠይቅልኝ» ይለኛል።

ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ ተማርኩ እንጂ ሕክምና አልተማርኩም። የጋዜጠኛ ሥራው መጠየቅ ነውና ግን ጠየቅሁ። ሐኪሞችንም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችንም፣ መጻሕፍትንም ጠየቅሁ። ያገኘሁት መልስ ለጋሼ ብቻ የሚጠቅም ሆኖ ስላላየሁት እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ።

ሦስተኛው ኩላሊት

በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተካሄደው በመስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከእኛዎቹ ጋር ሆነው ያቋቋሙት ማዕከል ነው። ሥራውንም የጀመረው በሕይወት ካሉ የቅርብ ዘመዶች በሚለገስ ኩላሊት ነው። ከዚያ በፊት ኩላሊቱ የከዳው ኢትዮጵያዊ ሁለት ምርጫ ነበረው። ወይ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እጥበት ላይ መዋል፣ ወይም ቤት ንብረቱን ሸጦ፣ መዋጮ ለምኖ ወደ ውጭ አገር መሄድ። ሦስተኛውን ምርጫ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መጥራት አያስፈልገውም።

በዓለም ደረጃ የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የተደረገው ነው። ሮናልድ ሄሪክ የተባለ ወጣት ለወንድሙ ለሪቻርድ ኩላሊቱን ሰጠ። ሁለቱ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የሪቻርድ ሰውነት የወንድሙን ሥጋ ከራሱ ለይቶ አላየውም። ቀዶ ሕክምናውን የመሩት ዶክተር ጆሴፍ መሪ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይሁንና ከመንትያ ውጭ ያለ ዘመድ የቱንም ያህል ቢቀርብ ለሰውነት ባዕድ ነው። እናት ለልጇ ብትሰጥ እንኳ የልጁ ሰውነት ኩላሊቱን «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ለመብላት ይነሳል። ስለዚህ ተቀባዩ ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ይውጣል። ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን በጋሼ ቤት እንደ ጨውና በርበሬ የታወቁ ስሞች ናቸው። የእነዚህ መድኃኒቶች ሥራ የሰውነትን ዘበኛ ማስተኛት ነው። ዘበኛው ከነቃ ኩላሊቱን ይበላል፤ አብዝቶ ከተኛ ደግሞ ሌባ ይገባል። ተተክሎለት የሚኖር ሰው ኑሮው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው በድሮዎቹ ቦታ፣ ጀርባ በኩል አይደለም። ከእምብርት በታች፣ ከዳሌ አጥንት ሥር ነው። የድሮዎቹም አብዛኛውን ጊዜ አይወጡም። ስለዚህ ጋሼ ሦስት ኩላሊት ይዞ ይዞራል፤ የሚሠራለት ግን አንዱ ነው። ይህ አዲስ ኩላሊት ሲተከል ነርቮቹ ተቆርጠዋል። በዚህም የተነሳ ሲታመም እንደ ተፈጥሮ ኩላሊት ጎን እየወጋ ላይናገር ይችላል። የማይጮህ ኩላሊት ነው። የሚናገርበት ዋነኛ መንገዱ ደምና ሽንት ነው።

የውሃ ነገር

ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አቧራዋ ቀይ ነው። በገበያዋ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ይደባለቁበታል።

ነገሌ በታሪካችን ስሟ የሚነሳው በውሃ ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር የውሃ መሳቢያው ሞተር ተበላሸበት። መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይጠጣ ከለከሉት። ወታደሩም አመፀ። ነገሩን ለማብረድ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዞ እርሱ የሚበላውን አስበላቸው፤ እርሱ የሚጠጣውንም አስጠጣቸው። የዚያ ዓመት አብዮት ሲተረክ መነሻው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ውሃ ዛሬም የአካባቢው ቁልፍ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ የቦረና ከብት እንዴት እንዳለቀ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ለእኛ ያ ዜና ነበር። ለጋሼ ግን የአንድ ጄሪካን ዋጋ ጭምር ነበር። ኩላሊት ለተተከለለት ሰው ውሃ እንደ መድኃኒት የሚታዘዝ ነው። ሰውነቱ ሲደርቅ ኩላሊቱ ደም ያንሰዋል፤ ታክሮሊመስም የኩላሊቱን ደም ሥሮች የማጥበብ ጠባይ ስላለው ጉዳቱ ይደራረባል።

ሌላው ደግሞ ወተት ነው። በቆላው አገር እንግዳ ሆኖ የቀረበን የግመል ወተት አልጠጣም ማለት ነውር ነው። ወተቱ ደግሞ አይፈላም። ዘበኛው ለተኛበት ሰው ያልፈላ ወተት ብሩሴላንም ቲቢንም ይዞ ሊመጣ የሚችል ነው። ጋሼ ለደንበኞቹ ይህን እንዴት ያስረዳ? «ሐኪም ከልክሎኛል» ሲል «ወተት የሚከለክል ምን ዓይነት ሐኪም ነው?» ይሉታል። እየሳቀ ነግሮኛል፤ ሳቁ ግን ሙሉ አልነበረም።

በመስታወቱ ላይ

ለመሆኑ ሽንት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን ይታያል? በ2015 ዓ.ም. ነገሌ በወረድኩ ጊዜ አንድ ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያ ጎኑ አስቀምጦ አሳየኝ። ሽንቱ፣ የመጀመሪያው ፈስሶ ከመካከሉ የተቀዳ መሆን አለበት። 10 ሚሊ ሊትር ያህሉ በቀጭን ብልቃጥ ይደረግና ሴንትሪፉጅ በሚባለው መሣሪያ አምስት ደቂቃ ይሽከረከራል። ላይ ያለው ውሃ ይደፋና ከሥር የቀረው ዝቃጭ፣ አንዲት ጠብታ ብቻ፣ መስታወት ላይ ይደረጋል። በስስ መስታወት ይሸፈንና መጀመሪያ በአነስተኛው፣ ቀጥሎ በከፍተኛው ሌንስ ይታያል።

ይህ ሁሉ ሽንቱ በተሰጠ በአንድ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከቆየ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ ባክቴሪያው ይራባል። የሞያሌን ወይም የዶሎ ኦዶን የእኩለ ቀን ሙቀት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከገጠር ጤና ጣቢያ በሞተር ሳይክል የተላከ ሽንት ሲደርስ የታማሚው መሆኑ ቀርቶ የመንገዱ ሆኗል።

ዓይኔን በማይክሮስኮፑ ላይ ሳደርግ ያየሁት ነገር እውነቱን ለመናገር ውብ ነው። ክብ ክብ የሚሉ፣ ውስጣቸው አሸዋ የተበተነባቸው የሚመስሉ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። ከእነርሱ የሚያንሱ፣ ለስላሳና ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ቀይ የደም ሕዋሳት አሉ። በቆላ አገር ውሃ ከሚጠማው ሰው ብዙ ጊዜ የማይጠፋው የኦክሳሌት ክሪስታል ደግሞ ከጀርባው እንደታሸገ ፖስታ አራት ማዕዘን ሆኖ ያበራል። ወጣቱ ባለሙያ አፈጣጠኑ የሚገርም ነው። «የወባ ስላይድ ስናይ ነው የኖርነው» አለኝ። «ወባ ያየ ዓይን ይህ አይከብደውም። የሚከብደው ምን እንደምንፈልግ አለማወቃችን ነው። ወረቀቱ ላይ የሚመጣልን ስምና ዕድሜ ብቻ ነው።»

ይህን ቃሉን አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሽንትን መቁጠር እንደ ቁም ነገር የተያዘው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ትውልደ ስኮትላንድ ሐኪም፣ የታማሚውን የአንድ ሌሊት ሽንት አጠራቅመው ሕዋሳቱን አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር። ስማቸው ቶማስ አዲስ ነው። ዘዴውም በስማቸው «የአዲስ ቆጠራ» ተብሎ ለብዙ ዓመታት በዓለም ሆስፒታሎች ይሠራበት ነበር። ከመዲናችን ጋር ዝምድና የለውም፤ ለእኛ ጆሮ ግን ደስ ይላል።

አንድ መስመር፣ አራት ትርጉም

እንግዲህ ወደ ጋሼ ወረቀት እንመለስ። በተደጋጋሚ የሚላክልኝ ፎቶ ላይ ነጭ የደም ሕዋስ «በአንድ እይታ ከ20 እስከ 25» ይላል። የጤነኛ ሰው ከአምስት አይበልጥም። ይህን መስመር ያየ ሁሉ «መግል አለ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ይላል። በማንኛውም ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ኩላሊት በተተከለለት ሰው ላይ ግን ይህ መስመር ቢያንስ አራት ትርጉም አለው።

የመጀመሪያው እውነትም ኢንፌክሽን ነው። ከንቅለ ተከላ በኋላ ከሁሉ የበዛው ተላላፊ በሽታ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ስለሆነ መጠርጠሩ ተገቢ ነው። እዚህም ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ምንም ስሜት የሌለው ሰው ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ስለተገኘ ብቻ መድኃኒት መስጠት አይመከርም። የአሜሪካ ተላላፊ በሽታዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከተተከለ አንድ ወር ላለፈው ሰው ስሜት የሌለውን ባክቴሪያ እንዳታክሙ ይላል። ትርፉ መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ማርባት ነውና።

ሁለተኛው ትርጉም ባዕድ ነገር ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ አዲሱን የሽንት ቧንቧ ለመደገፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይገባል። ከሳምንታት በኋላ እስኪወጣ ድረስ ነጭም ቀይም ሕዋስ በሽንት ማሳየቱ የሚጠበቅ ነው።

ሦስተኛው ሁሉም የሚፈራው ነው፤ ሰውነት ኩላሊቱን መቃወም ሲጀምር። ኩላሊቱን ሊበሉ የሚገቡት ነጭ ሕዋሳት ሊምፎሳይት የሚባሉት ዓይነት ናቸው። ከሚፈርሰው የኩላሊት ቱቦ ግድግዳ ከሚረግፉ ሕዋሳት ጋር አብረው በሽንት ይወጣሉ። ያለ ልዩ ቀለም ግን ሊምፎሳይትን ከተራው የመግል ሕዋስ መለየት አስቸጋሪ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም «ነጭ ሕዋስ» ተብለው በአንድ መስመር ይጻፋሉ።

አራተኛው መግል ያለ ባክቴሪያ ነው። ነጭ ሕዋሱ ሞልቶ ባክቴሪያ ከጠፋ፣ ሽንቱም ሲዘራ ምንም ካልበቀለ፣ በእኛ አገር መጀመሪያ መታሰብ ካለባቸው አንዱ ቲቢ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ በተራው የሽንት ምርመራ አይታይም፤ በተለመደው የጀርም ማሳደጊያም አይበቅልም።

የሌሎቹም መስመሮች ነገር እንዲሁ ነው። ቀይ ሕዋስ ክብና ሙሉ ከሆነ ምናልባት ከቧንቧው፣ ከጠጠር ወይም ከቱቦው የመጣ ነው። በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ዝቅተኛ ሸለቆዎች ደግሞ ጫፉ ላይ እሾህ ያለው የቢልሃርዝያ እንቁላል አብሮት ሊገኝ ይችላል። ቀይ ሕዋሱ የተጨማደደና ጆሮ ያወጣ ከሆነ ግን በማጣሪያው ውስጥ ተጨንቆ ያለፈ ነው፤ የድሮዎቹን ኩላሊቶች የገደለው በሽታ በአዲሱ ላይ ተመልሶ ይሆናል። በሽንት ውስጥ «ካስት» የሚባሉ በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ ተቀርጸው የሚወጡ ረዣዥም ነገሮችም አሉ። ጭቃ የሚመስሉ ቡናማ ካስቶች፣ በተለይ ከተከላው በኋላ ባሉት ቀናት፣ የኩላሊቱ ቱቦዎች ደም አጥተው መጎዳታቸውን ይናገራሉ።

የሱዳናዊው ፊደላት

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ኩላሊት ተተክሎለት ይኖር የነበረ አንድ ሱዳናዊ የሽንት ቧንቧው ጠቦ ይታመማል። ሽንቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንግዳ የሆኑ ሕዋሳት ተገኙበት፤ ትልልቅ፣ አስኳላቸው አብጦ ጉም የለበሰ መስታወት የሚመስል። ሲልቪያ ጋርድነርና የሥራ ባልደረቦቻቸው ሲመረምሩት ከዚያ በፊት የማይታወቅ ቫይረስ አገኙ። ስም ሲያወጡለትም የታማሚውን ስም ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት ሰጡት፤ ቢ.ኬ. ቫይረስ። የጎረቤታችን ሰው ሁለት ፊደላት ዛሬ ንቅለ ተከላ በሚደረግበት በየትኛውም ሆስፒታል በየቀኑ ይጠራሉ።

ይህ ቫይረስ በአብዛኞቻችን ሰውነት ውስጥ ከልጅነታችን ጀምሮ ተኝቶ ይኖራል። ዘበኛው ሲተኛ እርሱ ይነሳል። ያበጡት ሕዋሳት የካንሰር ሕዋስ ስለሚመስሉ በላቦራቶሪ ቋንቋ «አሳሳች ሕዋስ» ይባላሉ። መታየታቸው ብቻውን ኩላሊቱ ተጎድቷል ማለት አይደለም፤ በደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ መለካት፣ አስፈላጊም ሲሆን ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ ይከተላል። ሆኖም በርካሿ ማይክሮስኮፕ ቀድሞ ሊሰማ የሚችል ደወል ነው።

ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ሁለቱ መንገዶች ተቃራኒ ስለሆኑ ነው። ሰውነት ኩላሊቱን ሲቃወም ክሬቲኒን የሚባለው የደም ልኬት ይጨምራል፤ ሕክምናውም ማስተኛውን መድኃኒት ማብዛት ነው። ቢ.ኬ. ቫይረስ ኩላሊቱን ሲያጠቃም ክሬቲኒን ይጨምራል፤ ሕክምናው ግን ማስተኛውን መቀነስ ነው። ምልክቱ አንድ፣ መድኃኒቱ ተቃራኒ። መንገዱን የሳተ ሐኪም ቢተጋም ትጋቱ የሚሄደው ወደ ገደሉ ነው።

ያልታየው

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋሼ ይከሳ ጀመር። ማታ ማታ ያልበዋል። በነገሌ ሙቀት ያላበው ማን ነው? ማንም ልብ አላለውም። ሽንቱ ላይ መግል ታየ። ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ክሊኒክ ሲፕሮፍሎክሳሲን ሰጠው። ትንሽ ሻል አለውና ተመለሰበት። ደግሞ ተሰጠው፤ ደግሞ ተመለሰ። በሦስተኛው ወር ሌላ መድኃኒት ተጨመረ። በመካከሉ ወገቡን ሲያመው ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ሊወጋ ነበር፤ እህቱ በስልክ ጮኻ አስጣለችው። ይህ የሕመም ማስታገሻ አንድ ኩላሊት ላለው ሰው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ እርሷም የቀራት አንድ ነው።

ወሬው በዚህ እንዳለ ነበር በማይክሮስኮፕ ያሳየኝን ወጣት ባለሙያ ያገኘነው። ጋሼ ሽንቱን ሲሰጠው «ኩላሊት የተተከለልኝ ሰው ነኝ» አለው። ልጁ ቀና ብሎ አየው። በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ሠራው። ወረቀቱ ላይ ነጭ ሕዋሱን ጻፈና ከሥሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አንድ መስመር ጨመረ፦ «ባክቴሪያ አልታየም። በድጋሚ ታይቶ አልታየም።» ከዚያም በቃሉ «ጋሼ፣ ይህን ይዘው ወደ ተከሉልዎት ሰዎች ይውጡ» አለው።

ወጣ። ሁለት ቀን በመኪና ተጓዘ። አዲስ አበባ ሲደርስ ክሬቲኒኑ ጨምሮ ተገኘ። የሐኪሞቹ የመጀመሪያ ፍርሃት ሰውነቱ ኩላሊቱን ተቃውሞ እንዳይሆን ነበር። ቢሆን ኖሮ በደም ሥር ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ይሰጠው ነበር። «ባክቴሪያ አልታየም» የምትለዋን መስመር ያነበቡት ሐኪም ግን ቆም አሉ። ከኩላሊቱ ናሙና ተወሰደ፤ የተቃውሞ ምልክት አልተገኘበትም። ሽንቱ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ሲታይ ቲቢ ሆነ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የቲቢን ባክቴሪያ በመጠኑ የሚያዳክም መድኃኒት ነውና፣ ለጊዜው «ሻል» ያደረገውና በሽታውን የሸሸገው እርሱ ሳይሆን እንዳልቀረ ነገሩን። ስቴሮይዱ በከፍተኛ መጠን ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ቲቢው መላ ሰውነቱን ያዳርስ ነበር።

መከራው በዚህ አላበቃም። ዋናው የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን ከደም ውስጥ ጠራርጎ ያወጣል። ቲቢውን እያዳነ ዘበኛውን ይቀሰቅሳል ማለት ነው። ስለዚህ የታክሮሊመሱ መጠን በእጥፍና ከዚያም በላይ እየጨመረ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ልክ እየተለካ መሄድ ነበረበት። ይህን የሚለካ ምርመራ ነገሌ አልነበረም። ጋሼ መደብሩን ለሚስቱ ትቶ ብዙ ወራት አዲስ አበባ እኔ ቤት ተቀመጠ። ሕክምናውን ጨርሶ ተመለሰ። ክሬቲኒኑ እንደ ድሮው ባይሆንም ለድሮው ቀርቦ ቆመ። የእህቱ ኩላሊት እስከ ዛሬ ይሠራል።

«ሥጋ ሰጥቶ ቢላዋ መንሳት» ይላል ያገራችን ሰው። የጋሼን ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር ይህ ተረት ይመጣብኛል። እህት ሥጋዋን ሰጠች። አገር ተባብሮ ቀዶ ሕክምናውን አደረገ። ሰውየው ግን ተመልሶ የሚኖረው ነገሌ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ ወይም ፍልቱ ነው። ሥጋውን የሚጠብቅበት ቢላዋ እዚያ የለም ብለን ነበር የምናስበው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ቢላዋው አለ። ለወባ ሲባል በየጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ አለ። በወባ የሠለጠነ ዓይን አለ። የጎደለው ነገር ወጣቱ የነገረኝ ነው፤ ምን እንደሚፈልጉ የሚነግራቸው ሰው የለም።

በምርመራ ማዘዣ ወረቀቱ ላይ ከስምና ከዕድሜ በታች «የታማሚው ሁኔታ» የምትል ክፍት መስመር አለች። አብዛኛውን ጊዜ ባዶዋን ትሄዳለች። እዚያ ላይ «ኩላሊት የተተከለለት» ተብሎ ቢጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም። ሐኪሙ ካልጻፈው ታማሚው ይንገር። ነገሩን መደበቅ የሚመርጡ ብዙዎች እንዳሉ አውቃለሁ። «በሽተኛ ነው» ተብሎ ዱቤ እንዳይከለከል፣ ልጁን የሚያገባለት እንዳይጠፋ የሚፈራ አለ። ለገበያው ይደብቅ፤ ማይክሮስኮፑ ላይ ለተቀመጠው ልጅ ግን አይደብቅ። የመድኃኒት ቤቱም ሰው ይወቅ። ሪፋምፒሲን ብቻ አይደለም። ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲንና ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል በተቃራኒው ታክሮሊመስን በደም ውስጥ ያከማቹና ኩላሊቱን ይመርዙታል። ሁሉም በየከተማው መደርደሪያ ላይ ያሉ ናቸው።

ጋሼ አሁን የሽንቱን ዕቃ በሶፍት አይጠቀልልም። ማዘዣው ላይ በገዛ እጁ፣ በትልልቁ ይጽፍበታል። ባለፈው ወር የላከልኝን ፎቶ አይቼዋለሁ፤ ነጭ ሕዋስ ከሁለት እስከ ሦስት፣ ባክቴሪያ የለም፣ ጥቂት የኦክሳሌት ክሪስታል። ከሥሩ ደግሞ የዚያ ወጣት የእጅ ጽሕፈት አለ፦ «ውሃ ይጨምሩ።»